ሙሽሮቹ ሳይገቡ አጥፋ

ሜክሲኮን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። ግን የሆጤን ሰው፣ የገራዶን ገበሬ፣ የኮምቦልቻን የፋብሪካ ሠራተኛ ያለ ፓስፖርት፣ በአግዳሚ ወንበር ሜክሲኮ ወስጄ የመለስኩት እኔ ነኝ። «እንድሪስ ትርጉም» ብላችሁ ጠይቁ። ጎልማሳ ሆኖ እኔን የማያውቅ የደሴ ሰው ካለ ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ እናቱ ቪዲዮ ቤት እንዳይገባ የከለከለችው ጨዋ ልጅ ነበር።

ሥራዬ ትርጉም ነበር። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ፣ ማይክ ይዤ፣ ፈረንጁ የሚለውን በአማርኛ እናገራለሁ። ሲያለቅስ አለቅሳለሁ፣ ሲተኩስ እተኩሳለሁ። ሴትም እሆናለሁ፣ በቅሎም ሆኜ አውቃለሁ። ዛሬ ያ ሥራ የለም። ሰዉ ሁሉ ቪዲዮ ቤቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ ስል አበል ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ራሴን በራሴ ነው ያወጣሁት። አሁን ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ቤት በር ላይ፣ ከሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ቆሜ «ግቡ፣ እዩ፣ ማየት በነፃ ነው!» እላለሁ። ባለሱቁ «አንተ ሱሪ ስትሸጥ ጦርነት የተነሳ ይመስላል» ይለኛል። ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ሙሉ ተኩስ ስተረጉም ኖሬ ሱሪ በለሆሳስ አይወጣልኝም።

ይሄን ወግ ያስጀመረኝ ሞላ ነው። ባለፈው ሰሞን ሞንታርቦዬ ጋ መጣና፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «እንድሪስ፣ ጎሹን አገኘሁት» አለኝ። እጄ ላይ የነበረው ሱሪ ወደቀ። ሞላ ማን እንደሆነና ጎሹ ማን እንደሆነ ስትሰሙ ሱሪው ለምን እንደወደቀ ይገባችኋል።

ትምህርትና እኔ ቀድመን ነው የተለያየነው። ማን ማንን እንደተወ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እንግሊዝኛ የተማርኩት ፊልም ላይ ከሚሞቱ ሰዎች ነው። ስለዚህ «እጅ ወደ ላይ»፣ «አትተኩስ»፣ «ሩጥ» የሚለውን እንደ አስተማሪ አውቃለሁ፤ «እንደምን ዋልክ» ግን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ገና አልደረስኩበትም። በዚህ እውቀት ነው እንግዲህ ጎረምሳ ሆኜ የሙሄ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ሄጄ «ሥራ ስጡኝ» ያልኩት።

ሙሄ ባለቤቱ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ገዝቶ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ቴሌቪዥንና ዴክ አስገብቶ ቪዲዮ ቤት አደረገው። እህሉ ቢወጣም አይጦቹ አልወጡም፤ ሳይከፍሉ የሚያዩት እነሱ ብቻ ነበሩ። ሙሄ ሰው መቅጠር አያውቅበትም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሽ ይመርን ጠይቅ» አለኝ።

ጋሽ ይመር ድሮ የሲኒማ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ያንን ትልቁን ማሽን፣ በከሰል ብርሃን የሚሠራውን፣ እሳቸው ናቸው የሚያንቀሳቅሱት። ብርሃኑ ዓይናቸውን ጎድቶት ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ እንደቆመ ሰው ጨፈን ይላሉ። ነጭ ኮፍያ፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዝ፣ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ጥጥ። ጥጡ ከኪሳቸው ጠፍቶ አያውቅም። ከእያንዳንዱ ፊልም በፊት ዴኩን ከፍተው ካሴት የሚያነበውን ራሱን በአልኮል ይጠርጉታል፣ ልክ የሕፃን ጆሮ እንደሚጠርግ ሰው።

«እንግሊዝኛ ትችላለህ?» አሉኝ።

«እንደ ውሃ ነው ጋሼ!»

«ውሃ ብዙ ዓይነት ነው። ድፍርስም አለ።»

ካሴት ከተቱና ድምፁን ጨርሰው አጠፉት። አንድ ፈረንጅ አንዲት ሴት ላይ ይጮሃል። «ምን አላት?» አሉኝ።

«ድምፅ የለውማ ጋሼ!»

«ፊትም የለውም?»

እሳቸው ጎንበስ ብለው እያዩ፣ «አልሰማ ብላው ነው እንጂ አልተቆጣም። እጁን እየው፣ ኮፍያውን እያሸ ነው። የተቆጣ ሰው ኮፍያ አያሽም» አሉ። ኋላ ድምፁን ሲከፍቱት ሰውዬው እየለመናት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቪዲዮ ቤት ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ዲፕሎማ አልሰጡም፤ ግን ከተመራቂዎቹ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ተመራቂ አልነበረም።

ሕጋቸው ጥቂት ነው፤ ከነሱ ግን ወለም ዘለም የለም። ፊልሙን መጀመሪያ ያለ ድምፅ እይ። ፊት ያላለውን አታስወራ። ሰው ሲሞት ዝም በል፣ ማይኩን ደረትህ ላይ አድርግ፤ ለሞት ትርጉም አያስፈልገውም። ሰዉ ሲገባ በር ላይ ቆመህ ፊት ፊቱን እየው፤ ምን ተሸክሞ እንደመጣ ሳታውቅ ምን ልትነግረው ነው? የመጨረሻው ደግሞ የሚያስቀኝ ነበር።

«ግራ ሲገባህ ፈረሱን እይ» ይላሉ።

«ፈረሱ ምን ያደርግልኛል ጋሼ?»

«ሰውዬው ተዋናይ ነው። ፈረሱ ተዋናይ መሆኑን ማንም አልነገረውም።»

ያ ፊልም የመጣው ከአሰብ በሚመለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ደጋን ከተማ ላይ ጎማ ሲያስጠግን ከሙሄ ጋር ተገናኝተው ካሴቱን ሰጠው። ልባሱ የለም፣ ስሙም የተጻፈበት ስለተቆረጠ እስከ ዛሬ የፊልሙን ስም አናውቅም። ሰዎቹ የሚያወሩት ጣልያንኛ ነው፤ ከሥር ዐረብኛ ተጽፏል። ጋሽ ይመር ቁርአን ቤት ስለተማሩ ፊደሉን አሳምረው ያነቡታል።

«ምን ይላል ጋሼ?» እላቸዋለሁ።

«የጻፈው ሰው እጁ ያምራል» ይሉኛል። ትርጉሙን የት ያውቁታል!

ስለዚህ ፊቱን አየን። ደጋግመን አየን። ታሪኩ ቀላል ነው። ሜክሲኮ ውስጥ አብዮት ፈንድቷል። ሁለት የውጭ አገር ሰዎች መትረየስ ጭነው ይመጣሉ። አገሩ የነሱ አይደለም፣ ጠቡም የነሱ አይደለም። ቅጥረኞች ናቸው፤ ለከፈላቸው ይዋጋሉ። ጋሽ ይመር «ለፈረንጅ ስም የሰው ጆሮ አይከፈትም» ስለሚሉ ኮስታራውን ቅጥሬ፣ ሳቂታውን ጎሹ አሏቸው። አብዮተኞቹ አንድ መንደር እንዲጠብቁላቸው ይቀጥሯቸዋል። ቅጥሬ ማታም ጠዋትም ደሞዙን ነው የሚያስበው። ጎሹ ግን ከመንደሩ ሰው ጋር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ልጆቻቸውን ፈረስ ላይ ያወጣል። በመጨረሻ ወታደሮቹ ሲመጡ ጎሹ የመንደሩን የውሃ ጉድጓድ ሲከላከል ይመታል። ቅጥሬ ክንድ ላይ፣ ምንም ሳይናገር ይሞታል። ቅጥሬ ደሞዙን በከረጢት ይቀበላል፣ ፈረሱ ላይ ይወጣል። ወታደሮቹ ተመልሰው እንደሚመጡ መንደሩ ያውቃል፤ አሮጊቶቹ ቆመው ያዩታል። ፈረሱ ወደ ኮረብታው ጥቂት እርምጃ ይራመዳል፣ ከዚያ…

ከዚያ እልልታ! አበባ የለበሰች መኪና፣ ከበሮ፣ ሙሽራ፣ ኬክ!

የሙሄ ወንድም ሲያገባ ቪዲዮ ቀራጩ ካሴት አልቆበት ነው አሉ። ሙሄ «ይሄ ባዶ ነው» ብሎ ያንን አቀበለው። እስከ ዛሬ «ባዶ መስሎኝ» ይላል። የፊልሙ መጨረሻ በሠርጉ ተበላ። መጀመሪያ ለሰው ስናሳይ ቅጥሬ ወደ ኮረብታው ሲያቀና ሙሽሮቹ ከተፍ አሉ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «ለካ ቅጥሬ ሠርግ ሊሄድ ነው!» አለ። ሌላው ቀድሞውንም ግራ ገብቶታል፤ «ሜክሲኮ አዲስ አበባ አይደል እንዴ? አጎቴ እዚያ ነው የሚኖረው፣ አንድም ቀን ፈረስ አየሁ አላለኝም» ይላል።

ጋሽ ይመር አልሳቁም። በሚቀጥለው ጊዜ ጣታቸውን ማጥፊያው ላይ አድርገው ጠበቁ። ፈረሱ ሲራመድ፣ ልክ ከበሮው ሊመታ ሲል ቀጭ! ቤቱ ጨለመ። እሳቸውም መጨረሻውን በቃላቸው ተናገሩ፦

«ቅጥሬ ሄደ። ወንዝ ደረሰ። ፈረሱን ውሃ አጠጣለሁ ብሎ ወረደ። ፈረሱ አልጠጣ አለው። ጎትቶ አየው፣ አባብሎ አየው፣ አልጠጣም። ቅጥሬ ፈረሱን አየው። ከረጢቱንም አየው። ከረጢቱን ወንዙ ውስጥ ጣለው። ተመለሰ።»

ከዚያ በሩን ይከፍቱታል፣ ብርሃን ይገባል፣ ሰዉ ዓይኑን እያሸ ይወጣል። በቃ ይኸው ነው። ሆጤ ሙሉ ያንን መጨረሻ በቃሉ ያውቀዋል።

እኔ ግን ተንኮለኛ ነኝ። «ጋሼ፣ ፊት ያላለውን አታስወራ ብለውኝ የለም? ይሄን ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ከፈረሱ። ካሴቱ ሊቆረጥ ሲል አይተኸዋል? ጆሮውን ወደ ኋላ፣ ወደ መንደሩ አድርጓል።»

«በጆሮ ሰው ይመለሳል?»

እኔ ስስቅ እሳቸው ጥጣቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ስህተት ሊሆን ይችላል» አሉ። «አንድ ቀን ሙሉውን ካገኘህ ንገረኝ። ዋሽቼ ከሆነ ሰዉን አፉ በሉኝ እላለሁ።»

የኛ የሥራ አባባል ግን «ሙሽሮቹ ሳይገቡ አጥፋ» ሆነ። ነገር ሊበላሽ ሲል፣ ሙሄ ከሚስቱ ጋር ሊጣላ ሲል፣ እኔ ብዙ ሳወራ፣ ጋሽ ይመር «በል አጥፋ፣ ሙሽሮቹ ሳይገቡ» ይሉኛል።

በገበያ ቀን ጀነሬተር ጭነን ገራዶ እንወርድ ነበር። የገራዶ ተመልካች እንደ ደሴ አይደለም፤ አብሮ ይዋጋል። ወታደር ከበር ጀርባ ሲደበቅ «ከኋላህ ነው!» ብለው ይነሳሉ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከፊት ተቀምጠው ጨርሰው አዩና ጠሩኝ።

«አንተ ጎረምሳ፣ እነዚህ ሰዎች የሚዋጉት ለማን ነው?»

«ለደሞዝ ነው አባ።»

«ለደሞዝ የሞተን ሰው ታዲያ ማን ያለቅሰዋል?»

እኔ መልሱን የማላውቀው ጥያቄ ስለሌለ አፌን ስከፍት ተቀደምኩ። ጋሽ ይመር ካሴቱን በጨርቅ እየጠቀለሉ፣ ቀና ሳይሉ «አብሮት የበላ ያለቅሰዋል አባ» አሉ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ይሁን» ብለው በትራቸውን ይዘው ሄዱ። ነገሩ ያኔ አልገባኝም። ኮምቦልቻ ሄጄ ነው የገባኝ።

ሙሄ ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካዎቹ ወረድ ብሎ፣ ሁለተኛ ቪዲዮ ቤት ከፈተና እኔን ሾመኝ። ሹመት ነው! ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ዝነኛው ተርጓሚ እንድሪስ» ብዬ አስጻፍኩ። ሠዓሊው «ዝነኛው» የሚለውን አሳንሶ ጽፎት ሁለተኛ አስደገምኩት። ጋሽ ይመር መነሐሪያ ድረስ ሸኙኝ። ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝና አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «በር ላይ ቁም።»

እኔ ግን ዝነኛ ነኛ። ዝነኛ በር ላይ ይቆማል? አንድ እሑድ ከሰዓት ቤቱ ሞላ። ሁሉም የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ እኔ ከጀርባ ፀጉሬን እያበጠርኩ ነበር። ገብቼ ሳይ ማንም አይጮህም፣ ማንም ፈንዲሻ አይበላም። «አከበሩኝ» አልኩ በሆዴ። ፊልሙ ሲሄድ አንድም የሚስቅ የለም። እኔም እልህ ያዘኝ። ጎሹ ተመትቶ ቅጥሬ ክንድ ላይ ሲወድቅ ማይኩን ከአፌ አላነሳሁም። ጎሹን አስወራሁት፦ «ወንድሜ ቅጥሬ፣ መሞቴ ነው፤ እሳት ላይ የጣድኩትን ሽሮ አውርድልኝ። የሰጠሁህን ሸሚዝ ደግሞ ቁልፉን ስፋው!»

ሳቁን ጠበቅኩ። ከፊተኛው ወንበር አንድ ግዙፍ ሰውዬ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ወንድም» አለኝ፣ «እሱ እኮ ዝም ብሎ ነው የሞተው።»

ብሎም ወጣ። ከኋላው ሌላው ተነሳ፣ ከዚያ ሌላው። አንድም ሰው «ገንዘቤን መልስ» አላለም፣ አንድም ሰው አልሰደበኝም። ስድብ ቢሆን መልሱን አውቀው ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ማይክ ይዤ ቀረሁ፤ ማጥፋቱንም ረሳሁት። ሙሽሮቹ ገቡ። ባዶ ወንበር ፊት እልል ሲባል እንደመስማት ያለ የሚያሳፍር ነገር የለም።

በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋን ዘምዘምን «ምን አደረግኳቸው?» አልኳት።

«ያ አላህ! አላወቅክም?» አለችኝ። «በቀጥታ ከቀብር እኮ ነው የመጡት። ጌታነው የሚባል ጓደኛቸው ታሞ ሞቶባቸው። እናቱ ሩቅ ገጠር ናት፣ እዚህ ዘመድ የለውም። ለቅሶ የሚቀመጡበት ቤት አጥተው እኮ ነው ያንተን ቤት የሞሉት። ፊታቸውን አላየኸውም?»

አላየሁትም። በር ላይ አልቆምኩም።

ደሴ ለሙሄ ስልክ ደወልኩ። በማግስቱ ጋሽ ይመር የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው በሚኒባስ መጡ። ስድብ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «ያ ሰውዬ የት ነው ሻይ የሚጠጣው?» ብቻ አሉኝ። ያ ሰውዬ ሞላ ነው። ዘምዘም ጋ አገኘነው። ጋሽ ይመር አጠገቡ ተቀመጡና «አላህ ያጽናችሁ» አሉት። «ልጁ ስህተት ሠራ። ቤቱ ግን ቤት ነው። ያልተቀመጣችሁትን ለቅሶ ኑና ተቀመጡ። ተርጓሚውም እኔ እሆናለሁ።»

ሞላ ብርጭቆውን አዞረ። «ልጁስ?» አለ፣ እኔ እዚያው ቆሜ።

«እሱ በር ላይ ይቆማል።»

በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም መጡ። በር ላይ ከጋሽ ይመር ጎን ቆሜ የእያንዳንዱን እጅ እየጨበጥኩ፣ ክርስቲያኑን «እግዚአብሔር ያጽናህ»፣ እስላሙን «አላህ ያጽናህ» እያልኩ አስገባሁ። ያኔ ነው ፊት ማየት የተማርኩት። አንዱ ዓይኑ አብጧል፣ አንዱ ይስቃል፤ የሚስቀው ከሁሉም የባሰበት ነበር።

ጋሽ ይመር ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጎሹ ሲወድቅ ማይኩን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ፊልሙ ዝም ብሎ ሄደ። ከጨለማው ውስጥ አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ፣ ሌላው «ኢና ሊላሂ» አለ። ከዚያ አንድ ሰው ፈነዳ፤ «ወይኔ ጌታነው!» አለ፣ ቤቱም ተከተለው። ያንን ያህል ወንድ በአንድ ቤት ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነው። ፈረሱ ተራመደ፤ ከበሮው ሳይመታ አጠፋሁት። ጋሽ ይመር በጨለማው ወንዙን፣ ፈረሱን፣ ከረጢቱን ተናገሩ። «ተመለሰ» አሉ።

የሞላ ድምፅ መጣ፦ «ተመለሰ?»

«ተመለሰ።»

«ለደሞዝ የመጣ ሰው?»

«ለደሞዝ የመጣ ሰው።»

ሞላ በሣምንቱ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠየቀ። የጌታነውን ዕቃ በሰው ሊልክ አስቦ ነበር፤ ተወውና ራሱ ተሸክሞ ገጠር ድረስ ሄደ። ከጌታነው እናት ጋር ለቅሶ ተቀመጠ። ኋላ «ለምን ራስህ ሄድክ?» ስለው «ቅጥሬ ከተመለሰ እኔ ምን ሆኜ?» አለኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወዳጆች ነን። ዛሬ ጡረተኛ ነው፤ እውነተኛውን፣ አበል ያለውን ጡረታ ማለቴ ነው፤ በዚያ ይኮራብኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ዴኩ ያንን ካሴት በላው። ካሴት በሲዲ፣ ሲዲ በፍላሽ ተተካ፣ አግዳሚዎቹን ሙሄ ለምግብ ቤት ሸጣቸው። የኮምቦልቻውን ግድግዳ ቀለም ቀቡት፤ «ዝነኛው» የሚለው ግን በቀለሙ ሥር ትንሽ ይታያል፣ ሁለት ጊዜ ስለተጻፈ። የጋሽ ይመር ዓይንም ቀስ በቀስ ጠፋ። ሆጤ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ሰው ሲገባ አሁንም ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ።

እንግዲህ ሞላ «ጎሹን አገኘሁት» ሲለኝ ሱሪው የወደቀው ለዚህ ነው። ስልኩ ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ ያ ሳቂታ ፊት ድቅን አለበት።

«ሙሉው ነው። መጨረሻውም አለው» አለኝ።

«አየኸው?»

«እንዴት ብዬ ነው የማየው? ቅጥሬ ቢመለስ ጥሩ። ባይመለስስ? ጋሽ ይመር ለቀብርተኛ ነው የነገሩን እኮ። መጀመሪያ እሳቸው ይስሙ።»

ሞንታርቦውን አጥፍቼ በሚኒባስ ሐረጎን ወደ ደሴ ወጣን። መንገዱን ሙሉ ቀልድ አልመጣልኝም። ሞላ ገርሞት «አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

ጋሽ ይመር ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስንነግራቸው ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸው ወደ ሸሚዛቸው ኪስ ሄደ። ጥጡ እዚያው ነው። «አቀብሉኝ» አሉና የስልኩን መስታወት ጠረጉት። «ድምፁን አጥፋው» አሉኝ። «እንደ ድሮው።»

ከመሐላቸው ተቀምጬ ተረጎምኩ። ወላሂ እንደዚያ ቀን ተርጉሜ አላውቅም፤ የሚሰማኝ ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ዕድሌን እዩ! ጎሹ ሲሞት ዝም አልኩ። ጋሽ ይመር «ኢና ሊላሂ» አሉ፣ ሞላ ኮፍያውን አወለቀ። ቅጥሬ ከረጢቱን ተቀበለ፣ ፈረሱ ላይ ወጣ። አሮጊቶቹ ቆመዋል። ፈረሱ ተራመደ። ከበሮ የለም። ሙሽሮች የሉም። ዕድሜ ልካችንን ያላየነው ኮረብታ ይኸውና።

ቅጥሬ ኮረብታውን ወጣ። ጫፉ ላይ ደረሰ። ወረደ። ጠፋ። ጽሑፍ መጣ፤ አለቀ።

ወንዝ የለም። ዝም አልኩ። ሞላም አንገቱን ደፋ።

«ምነው ዝም አልክ?» አሉ ጋሽ ይመር። «ማን ሞተ?»

መዋሸት እችል ነበር። መዋሸት እንጀራዬ ነበር። ማን ያውቅብኛል? ሞላ እንደሆነ አይናገርም። ግን ፊት ያላለውን አታስወራ ያሉኝ እሳቸው፣ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው ይጠብቃሉ።

«ማንም አልሞተም ጋሼ» አልኩ። «ሄደ። አልተመለሰም።»

ጋሽ ይመር በእጃቸው የሞላን ጉልበት ፈልገው አገኙና ያዙት። «ሞላ» አሉ፣ «ያን ጊዜ ለቀብርተኛ…»

«ተዉ ጋሼ፣ ምን ይላሉ!»

«ቆይ።» ቀና አሉ። «እንድሪስ፣ ፈረሱስ?»

«የቱ ፈረስ?»

«ሰውዬውን ነው ያየኸው። ስንቴ ነግሬሃለሁ! መልሰህ ፈረሱን እይ።»

በጣቴ ወደ ኋላ መለስኩት። ኮረብታው። ቅጥሬ ጀርባው ይታያል፣ ዞር አላለም። እኔም ሞላም ስልኩ ላይ ተደፋን፣ ራስ ለራስ ተጋጨን። ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ ከመውረዱ በፊት፣ ፈረሱ ቆመ። አንገቱን ሙሉ ወደ መንደሩ አዞረ። ቅጥሬ ልጓሙን ሳበው። አልሄድ አለው። እንደገና ሳበው።

«ዞሯል ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ፣ ሞንታርቦ ያለኝ መስሎኝ። «ዞሮ ቆሟል! በስንት ጉተታ ነው የሄደ!»

«ሞላ፣ ይሄ ልጅ ይቀጥፋል። አንተ አየኸው?»

«አየሁት ጋሼ። የጌታነው አጥንት ይውጋኝ፣ ዞሯል።»

ጋሽ ይመር ጥጣቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፀሐይዋን መሞቅ ቀጠሉ።

«ታዲያ እኔ ምን ዋሸሁ?» አሉ። «ወንዝ ሳይደርሱ ፊልሙ ነዋ ያለቀው።»

ሦስታችንም ስንስቅ ስልኩ በራሱ ጊዜ ሌላ ቪዲዮ ጀመረ፤ ድምፁ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም፣ አንድ ከበሮ ድም አለ። ጋሽ ይመር እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው ጉልበቴን መቱኝ።

«አጥፋው እንጂ! ሙሽሮቹ ሊገቡ ነው!»